ለትልልቅ ሰዎች ኬክ ዲኮሬሽን እንዴት እናስተምር፡ ከተገለበጠ ድስት እስከ ስኳር ጽጌረዳ

የመጀመሪያ ክላሴን እንዴት እንዳበላሸሁት ልንገራችሁና ከዛ እንጀምር። ሳሎኔ ውስጥ 8 ሰው ደርድሬ፣ ሌሊቱን ስጋግር ያደርኩትን ባለ 3 ፎቅ ቶርታ እያሽከረከርኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ እኔ ብቻ ሰራሁ። እነሱ ቪዲዮ ቀረጹ፣ "እጅሽ ይባረክ" አሉ፣ እኔም ደስ አለኝ። መጨረሻ ላይ "በሉ እስቲ ደግሞ እናንተ" ብዬ ክሬም የሞላ ባግ ሳቀብል፣ እናቴ የሚሆኑ አንድ ሴትዮ ባጉን በሁለት እጃቸው ወገቡን አነቁት፣ ክሬሙ በአፉ መውጣቱን ትቶ በጀርባው ፈንድቶ እስከ ክርናቸው ወረደ። አንዷ ሳቀች። እሳቸውም አብረው ሳቁ፣ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም፣ ስልክም አላነሱልኝ።

ልጅ ቢሆን ክሬሙን ልሶ ይቀጥላል። ትልቅ ሰው ግን ቤት ያስተዳደረ፣ ልጅ ያሳደገ፣ መስሪያ ቤት ሰው የሚያዝ ነው፣ በሰው ፊት እጁ እንቢ ሲለው ያፍራል። ስለዚ አሁን ክላስ ሳዘጋጅ መጀመሪያ የሚያሳስበኝ የትኛውን ኬክ እንስራ የሚለው ሳይሆን ተማሪዬ ያለ ወጪ ያለ ሀፍረት ሃምሳ ጊዜ የሚያበላሸው ምን ላይ ነው የሚለው ነው። ከዚ በታች ያለው ሁሉ ከዛች ቅዳሜ የመጣ ነው።

ሲደውሉላችሁ የምትጠይቁት

መጀመሪያ ለምን መማር እንደፈለጉ ጠይቁ። አንዷ ለልጇ ልደት ብቻ ነው፣ አንዷ ከአረብ አገር ተመልሳ ቤቷ ሆና ትዛዝ መቀበል ነው ሀሳቧ፣ አንዱ ካፌ ተቀጥሮ ኬክ ክፍል ሊያስገቡት ነው። አንድ ላይ መማር ይችላሉ፣ ግን ለመሸጥ የሚማር ሰው ፍጥነትና ሂሳብም ይፈልጋል። ሁለተኛ ጾምና ምግብ ላይ የማይነኩት ነገር ካለ። ሦስተኛ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ግራኝ ናቸው ወይ?

ከ6 ሰው በላይ አትያዙ። ስግብግብነት ይፈትናችኋል አውቃለሁ፣ ግን ይሄ ሙያ እጅ እያዩ የሚታረም ነው፣ ሰባተኛውን ሰው ስታዩ የመጀመሪያዋ ሃያ ጊዜ ተሳስታ ስህተቱን ለምዳዋለች። አንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል፣ ከዛ በኋላ እጅ ይደክማል። በጠቅላላው 6 ቀን።

ዕቃን በተመለከተ ብዙ ፍሬ ያለውን የኖዝል (ባጉ አፍ ላይ የሚገባው የክሬም ማውጫ ጫፍ) ስብስብ እንዳይገዙ ንገሯቸው፣ ግማሹን ሳይነኩት ይዝጋል። ለአንድ ሰው ክብ ቁጥር 2 እና 3፣ ኮከብ ቁጥር 21፣ ለአበባ 104፣ ለቅጠል 352፣ እና ካፕኬክ ላይ የሚጠመዘዘው ትልቁ 1ኤም ይበቃል። መርካቶ ሲገዙ ኖዝሉን ወደ ብርሃን አዙረው አፉን ይዩት፣ መጋጠሚያው ከተከፈተ ወይ አንዱ ጥርስ ከተጣመመ ክሬሙም እየተጣመመ ነው የሚወጣው፣ ተማሪዋ ደግሞ ጥፋቱ የእጇ ይመስላታል።

የልምምድ ክሬም

በእውነተኛ ቅቤ መለማመድ አሁን ባለው ዋጋ የማይሞከር ነው። እኔ 1 ኪሎ የኬክ ማርጋሪን፣ ግማሽ ኪሎ የዱቄት ስኳርና ግማሽ ኪሎ ኮርን ስታርች እመታለሁ፣ ውሃ በማንኪያ እየጨመርኩ ማንኪያው ላይ ሲነሳ ጫፉ ቆሞ ትንሽ እስኪያጎነብስ። ይሄ አይበላም፣ ባልዲ ውስጥ ተከድኖ ለኮርሱ በሙሉ ያገለግላል። ባልዲው ላይ "ለልምምድ" ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፣ ባለቤቴ አንድ ጠዋት ዳቦ ላይ ቀብቶ በልቶት "ዛሬ ቅቤው ምን ነካው" ብሎኛል።

አንደኛ ቀን፡ ኬክ የለም

ይሄን ቀድማችሁ በስልክ ንገሯቸው፣ አለበለዚያ ያኮርፋሉ። የመጀመሪያው ቀን በሙሉ ባግ መያዝና ግፊት ነው። ሌላው ሁሉ፣ አበባውም ጽሁፉም ዳንቴሉም፣ ይሄው ነው።

ባጉን ብርጭቆ ውስጥ አቁመው አፉን ወደ ውጪ ያጥፉት፣ ክሬሙን እስከ ግማሽ ብቻ ይሙሉ። የሞላ ባግ ነው ሴትዮዬን ያዋረዳቸው። ከዛ ክሬሙን ወደታች ገፍተው ከላዩ ላይ ይጠምዝዙትና ጥምዙን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሃል ይቆልፉት። የሚጨምቀው የዛው እጅ መዳፍ ብቻ ነው። ሌላኛው እጅ አይጨምቅም፣ አንድ ጣቱን ኖዝሉ አጠገብ አድርጎ መንገድ ይመራል በቃ። ሳህን ላይ አንዴ "ጷ" እስኪል ይጭመቁት፣ አየሩ ይውጣ።

ከዛ ኮከብ። ኖዝሉ ቀጥ ብሎ ከጠረጴዛው ግማሽ ሴንቲ ከፍ ይላል፣ ከዛ ሦስት ቃል ናት፡ ጭመቅ፣ ልቀቅ፣ አንሳ። እኔ ድምጼን አውጥቼ እላታለሁ፣ እነሱም አብረው ይላሉ፣ መጀመሪያ ይሳሳቃሉ በኋላ ግን ቤታቸውም ሄደው ይሏታል። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛዋ ላይ ነው፣ ሳይለቅ ያነሳል፣ ኮከቡም ጭራ ያወጣል። ጭራ ካያችሁ "ጭራ አወጣሽ" አትበሉ፣ "ልቀቅ የምትለዋን ትንሽ አስረዝሚያት" በሉ። ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ላይ 20 ኮከብ በመስመር፣ ፍቆ ወደ ባግ መመለስ፣ እንደገና 20። መፋቁ ራሱ ትምህርት ነው ባይ ነኝ፣ ሰው ስራውን አራት ጊዜ በራሱ እጅ ከፋቀ በኋላ መሳሳት አያስፈራውም።

ግፊቱ ምን ያህል እንደሆነ በአፍ አይነገርም። የተማሪን እጅ ይዞ መጭመቅ ደግሞ ለብዙ ሰው አይመችም፣ በተለይ ወንድና ሴት ሲሆን ወይ ተማሪው በዕድሜ ሲበልጣችሁ። እኔ እገለብጠዋለሁ፡ "እትዬ፣ እጅዎን እኔ እጅ ላይ ያድርጉት" እልና እኔ እጨምቃለሁ፣ መዳፌ ሲጠብቅና ሲላላ ይሰማቸዋል። አንዴ እንደዛ ያረግኳቸው ሴትዮ "ውይ፣ ላም ማለብ ነው እንዴ!" አሉ፣ ከዛ በኋላ ከኔ ምንም አልፈለጉም።

ባዶ እጃቸውን ግን አትላኳቸው። ትልቅ ሰው ቤት ሲገባ "ምን ተማርሽ?" የሚል ልጅና ባል ይጠብቀዋል። የመጨረሻውን 20 ደቂቃ በትክክለኛ ክሬም 4 ካፕኬክ ላይ በ1ኤም ጠምዝዘው ይዘው ይሂዱ።

አሳይታችሁ ስትሰሩ

ከ3 ደቂቃ በላይ ብቻችሁን አትስሩ። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ አሳዩ፡ አንዴ ዝም ብላችሁ፣ አንዴ እያወራችሁ፣ ሦስተኛው ላይ እነሱ ይዘዙ እናንተ የታዘዛችሁትን ብቻ ስሩ። "ጭመቂ" ብለው "ልቀቂ" ካላሉኝ ክሬሙ ተራራ እስኪሆን እጨምቃለሁ። የት ጋ እንደጠፋባቸው ወዲያው ይታያል፣ ሳቁም በኔ ላይ ይሆናል።

ቀኝ እጅ የሚጠቀሙት ከጎናችሁ ወይ ከኋላችሁ ሆነው ይዩ። ግራኙን ግን ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡትና እንደ መስታወት ይቅዳችሁ፣ ተርንቴብሉንም (ኬኩ የሚቀመጥበትን የሚሽከረከር ማስቀመጫ) በተቃራኒው ያሽከርክር። ዕድሜውን ሙሉ "በቀኝህ" ሲባል የኖረ ሰው ስለሆነ ቀድማችሁ እንዳሰባችሁለት ሲያይ ደስ ይለዋል።

ሁለተኛና ሦስተኛ ቀን፡ ድስቱ

ክሬም ማለስለስ በእውነተኛ ኬክ ለመልመድ ስንት ኬክ ይፈጃል? ስለዚ እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ ጎኑ ቀጥ ያለ ትንሽ ድስት ይዞ ይምጣ፣ እጀታው የሚወጣ ከሆነ ይፍታው፣ ካልሆነ ተርንቴብሉን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ይስራ። ድስቱ ተገልብጦ ተርንቴብል ላይ ይወጣል፣ የልምምድ ክሬሙ ከሚያስፈልገው በላይ በብዛት ይቀባል። ሰው የሚፈራው ክሬም ማብዛት ነው፣ ስስ ከቀባ ግን ስክሬፐሩ (ክሬሙን የሚያለሰልሰው ጠፍጣፋ መፋቂያ) ጉድጓዱን አይሞላም። ከዛ ስክሬፐሩን ቀጥ አድርጎ፣ ትንሽ ወደራሱ አዘንብሎ ይይዝና ያ እጁ እንደ ግንብ ይቆማል፣ የሚዞረው ተርንቴብሉ ነው። እጅና ተርንቴብል እኩል ከተንቀሳቀሱ ሞገድ ይሰራል። አራት አምስት ዙር በኋላ ላይኛው ጠርዝ ላይ የቆመውን ክሬም በስፓቱላ ከውጪ ወደ መሃል መሳብ፣ አንድ ጊዜ በሳቡ ቁጥር ስፓቱላውን መጥረግ። ብረቱ ስለማይፈረፈር ማየት ያለባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እጃቸውን።

በሦስተኛው ቀን ወደ ኬኩ። መጋገሩን እዚ ላይ አላረዝመውም፣ ግን ከኢንተርኔት የተወሰደ ሬሲፒ አዲስ አበባ ላይ መሃሉ የሚሰምጠው ለምን እንደሆነ ንገሯቸው። ከተማው ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ኬኩ ሳይበስል ይነፋና ይወድቃል። ለአንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩብ ያህሉን መቀነስ፣ ለአንድ ኩባያ ስኳር ከ1 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ መቀነስ፣ ፈሳሹን ትንሽ መጨመር፣ ኦቨኑን ወደ 10 ዲግሪ ከፍ ማድረግ። ድሬዳዋ ወይ ዱባይ ላለ ዘመዳቸው ሬሲፒ ሲልኩ መልሰው ያስተካክሉት።

ኬኩ ተጋግሮ በደንብ ቀዝቅዞ ይምጣ። ለብ ያለ ኬክ ላይ ክሬም የቀባ ሰው ሾርባ ነው የሚያገኘው። መጀመሪያ ስስ ክሬም ቀብቶ ፍርፋሪውን ማሰር፣ 30 ደቂቃ ፍሪጅ፣ ከዛ ዋናው ቅብ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የመጀመሪያውን ቅብ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አስጨርሱት።

ስለ ቀለም ሁለት ነገር ብቻ። ፈሳሹ ቀለም ክሬሙን ያላላዋል፣ ጄል ይሻላል። ቀይና ጥቁር ከዋዜማው ይቀላቀሉ፣ ሲያድሩ ይጠቁራሉና ቀለም እያበዙ መራራ አያርጉት። ቅቤው ቢጫ ሆኖ ነጭ እንቢ ካላቸው በስቲኪኒ ጫፍ ሐምራዊ ቀለም ጠብ ያርጉ፣ ቢጫውን ያጠፋዋል።

አራተኛ ቀን፡ በአማርኛ መጻፍ

ኦንላይን ያሉት አብዛኞቹ ቪዲዮዎች የሚያሳዩት የላቲኑን ተያይዞ የሚጻፍ ፊደል ነው፣ እሱ እጅ ሳያነሱ ይፈሳል። የኛ ፊደል አንድ አንዱ ለብቻው ይቆማል፣ ስለዚ ለእያንዳንዱ ፊደል ጭመቅ፣ ልቀቅ፣ አንሳ ነው፣ የአንደኛው ቀን ነገር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የሚያስቸግሩት ቀለበት ያላቸው ናቸው። ሜ፣ ቤ፣ ሴ፣ ኬ እግራቸው ላይ ያለችው ቀለበት በቁጥር 3 ኖዝል በትንሹ ከተጻፈች ተደፍና ነጥብ ትሆናለች። ቁጥር 2 ተጠቀሙ፣ ቀለበቷንም በእስክሪቢቶ ከምትጽፏት ሰፋ አድርጉ። ክሬሙም ለጽሁፍ ላላ ይበል፣ መስመሩ መሃል ላይ የሚበጠስ ከሆነ ትንሽ ውሃ ይፈልጋል።

እና ኳ! የታችኛዋ ሰረዝ ከተረሳች "እንኳን ተወለድሽ" የነበረው "እንከን ተወለድሽ" ይሆናል። በሰው ልደት ላይ። እኔ ደርሶብኛል፣ እናትየው በር ላይ ነው ያየችው፣ በስቲኪኒ ሰረዝ እየጨመርኩ ያላበኝ ላብ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። "መልካም ልደት" እና "እንኳን አደረሳችሁ" በትልቁ አትሙ፣ ላዩ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ አድርጉ፣ ተማሪው በክሬም እየተከተለ ይጻፍ፣ ይፋቅ፣ ይደገም። አስር ጊዜ ከሄደበት በኋላ ወረቀቱን ከስር አውጡት። ቦታውን ለመመጠን ፊደሉን ይቁጠሩ። "አደረሳችሁ" 6 ፊደል ነው፣ 20 ሴንቲ ስፋት ያለው ኬክ ላይ ዳር ዳሩ ለማስጌጫ ሲቀር 15 ሴንቲ ግድም ነው የሚተርፈው፣ ስለዚ ለአንድ ፊደል ከነ ክፍተቱ 2 ሴንቲ ተኩል። መሃሉን በስቲኪኒ ምልክት አርገው ሦስቱ ፊደል ወደ ግራ ሦስቱ ወደ ቀኝ ይውደቅ። እንደዛ ካልሆነ የመጨረሻዋ "ሁ" ኬኩ ጎን ላይ ነው የምትንጠለጠለው።

ትዛዝ ለሚቀበሉት ደግሞ፣ ጽሁፉን ደንበኛው ራሱ በሜሴጅ ይላክ፣ እነሱም እንዳለ ይቅዱት። ተወለድክ ነው ተወለድሽ ነው፣ ለአያት ከሆነ ደግሞ "እንኳን ተወለዱልን" ነው፣ ስሙስ በፀሐዩ ፀ ነው በጸሎቱ ጸ? ቤተሰብ እንደዚ ያለ ነገር ላይ አይስቅም።

የጾም ነገር

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና አርብ አለ፣ ስለዚ ክላሱን ስታወጡ ቀን መቁጠሪያ እዩ። ጾመኛ ተማሪ ክሬም መቅመስ ስለማይችል ወይ ማርጋሪኑ ወተት የሌለበት መሆኑን ከጀርባው አንብባችሁ ሁሉንም በጾም አርጉት፣ ወይ ከፋሲካ በኋላ ጀምሩ። ሮያል አይሲንግ (ሲደርቅ የሚጠነክረው የስኳር ቅብ) በእንቁላል ነጭ ፋንታ በሽንብራ ውሃ ይሰራል፣ ሽንብራ የተቀቀለበት ወፈር ያለ ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያው ለአንድ እንቁላል ነጭ። ሲመታ ልክ እንደ እንቁላል ይነፋል፣ ጣዕሙም በስኳሩ ይሸፈናል። ይሄን ሳሳያቸው የማያምኑ አሉ፣ ሽሮ ሽሮ ይላል ብለው ይጠብቃሉ።

ጄላቲን ግን ተጠንቀቁ። ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው፣ አንዳንዱም ከአሳማ፣ ስለዚ ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ጥያቄ አለው፣ ማርሽማሎው ውስጥም አለ። ጄላቲን የሌለው ፎንዳንት (ተዳምጦ ኬኩን የሚያለብሱት የስኳር ሊጥ) ስላለ ሽፋኑን አንብቡ፣ ለተማሪዎቻችሁም ሳይጠየቁ ተናገሩ።

አምስተኛ ቀን፡ ፎንዳንት

ድስቱ እዚም ይመጣል። ተገልብጦ ማርጋሪን በስሱ ይቀባና ፎንዳንቱን ያለብሱታል፣ ሲበላሽ ገፈው እንደገና ያሹታል። አንድ ኪሎ ፎንዳንት በዚ መንገድ ሙሉ ከሰዓት ይሰራል።

መጀመሪያ በደንብ ይታሽ፣ እንደ ሊጥ ሳይሆን እየተጎተተ፣ እስኪሞቅና እስኪለሰልስ። የሚዳመጠው ስፋት ሂሳብ ነው፡ የኬኩ ስፋትና የቁመቱ እጥፍ፣ ከዛ ላይ 5 ሴንቲ። 20 በ10 ለሆነ 45 ሴንቲ። ውፍረቱ 4 ሚሊ አካባቢ፣ ለጀማሪ ከዛ አይሳሳ። በየዳመጣው ሩብ ዙር ያዙሩት፣ ዝም ብለው የሚዳምጡ ሰዎች መጨረሻ ላይ ፎንዳንቱ ጠረጴዛው ላይ ተጣብቆ ነው የሚያገኙት።

ካለበሱት በኋላ መጀመሪያ አናቱ፣ ቀጥሎ ጠርዙ፣ መጨረሻ ላይ ጎኑ። ጎን ላይ የሚመጣውን እጥፋት ወደ ታች አይጫኑት፣ እንደ ቀሚስ ወደ ውጪ ገልጠው በመዳፍ ወደ ላይና ወደ ውስጥ ያስገቡት። ወደ ታች ከተጎተተ ጠርዙ ላይ ይቀደዳል። ፍጥነት ያስፈልጋል ምክንያቱም ከ10 ደቂቃ በኋላ ጠርዙ እንደ ደረቀ ጭቃ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ክረምት ላይ ደግሞ በተቃራኒው እርጥበቱ ያላበዋል፣ ከፍሪጅ የወጣ ፎንዳንትም ያልበዋል፣ ያን ጊዜ በጨርቅ አይንኩት፣ ራሱ ይደርቃል።

ስድስተኛ ቀን፡ ጽጌረዳና ወደ ቤት

ለአበባ 250 ግራም ፎንዳንት ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሲኤምሲ ዱቄት (ፎንዳንቱን የሚያጠነክረው) አሽታችሁ አሳድሩት። እምቡጡን የአበባውን ቅጠል ከሚቆርጡበት ቅርጽ በቁመት ያነሰ አርገው በስቲኪኒ ላይ ከዋዜማው ቤታቸው ሰርተው ያድርቁ፣ ያልደረቀ እምቡጥ ላይ ቅጠል ሲጫን ይሰምጣል። ቅጠሉ ስስ ይዳመጥ፣ ጠርዙን ብቻ በማንኪያ ጀርባ መዳፍ ላይ እየተጫኑ ያሳሱት፣ የጽጌረዳ ህይወት ጠርዟ ነው። መጀመሪያ አንድ ቅጠል እምቡጡን ሙሉ በሙሉ ይጠቀልላል፣ ከላይ ቀዳዳ እንዳይቀር። ከዛ ሁለት፣ ከዛ ሦስት፣ ከዛ አምስት፣ እያንዳንዱ የቀደመው ስር እየገባ። ማጣበቂያው ውሃ ነው፣ በብሩሽ ጫፍ፣ ከበዛ ቅጠሉ ይንሸራተታል። በሽቦ የሚሰራ ከሆነ ሽቦው ኬክ ውስጥ በቀጥታ አይገባም፣ ስትሮ ውስጥ ሆኖ ነው፣ ስቲኪኒውም ሽቦውም እንዳለ ለደንበኛ መነገር አለበት፣ ልጅ አበባውን ነው ቀድሞ የሚያነሳው።

የመጀመሪያዋ ጽጌረዳ ጥቅል ጎመን ትመስላለች። የሁሉም። የኔን የመጀመሪያ ፎቶ አሳያቸዋለሁ፣ ትንሽ ይጽናናሉ።

የመጨረሻውን አንድ ሰዓት የራሳቸውን ኬክ ብቻቸውን ይጨርሱ፣ እናንተ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ። ቢያሳክካችሁም አትንኩላቸው፣ አንዴ "ይሄን ጋ ትንሽ ላስተካክልልሽ" ካላችሁ ኬኩ የእናንተ ሆነ። ከዛ ካርቶን ውስጥ፣ ከስሩ የማያንሸራትት ነገር ተደርጎ። ታክሲ ውስጥ ጭን ላይ አይያዝ፣ ጭን ይሞቃል ያዘነብላልም፣ የኋላ ወንበርም ወደ ውስጥ ያጋደለ ነው። ወለል ላይ፣ ሾፌሩም ኮብልስቶን ላይና ብሬከር ላይ ቀስ እንዲል አስቀድሞ ተለምኖ። ቤት ሲደርሱ ካርቶኑን ከፍተው እንዳለ ፎቶ ይላኩላችሁ፣ የተንሸራተተም ቢሆን፣ ወደየት እንደተንሸራተተ አይታችሁ የትኛው ንብርብር ላይ ክሬም እንደበዛ ትነግሯቸዋላችሁ።